ሰስፔንድ ላይ የአይ2ሲ መስመሩ ከሞደሙ ቀድሞ ይተኛል (-108)፤ አንዳንዴ ደግሞ -16

ጓሳ_15፦

ሰላም ለሁላችሁ።

ከመሐል ሜዳ ወዲህ፣ ጓሳ ዳር ለሚቆም የአየር ሁኔታ መለኪያ የሚሆን ቦርድ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት አርም፣ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሊነክስ 6.6። በየ15 ደቂቃው ነቅቶ የሙቀት፣ የእርጥበትና የግፊት ንባብ ይወስዳል፤ በዩኤስቢ ሞደም ይልካል፤ ተመልሶ ይተኛል። ነቅቶ የሚቆየው 45 ሴኮንድ ገደማ ነው። ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት። ነቅቶ 150 ሚሊአምፔር፣ ተኝቶ 8 ሚሊአምፔር ይስባል። እንቅልፉ ከሠራ በቀን 0.36 አምፔር-ሰዓት ይበቃዋል፤ እምቢ ካለ ግን 3.6 ስለሚሆን ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ከወረደ ባትሪው ሁለት ቀን አይደርስም።

አይ2ሲ-1 ላይ (ቺፖች የሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ነው) ሁለት ሴንሰርና አንድ ባለ 8 እግር የጂፒአይኦ (በሶፍትዌር የሚበሩና የሚጠፉ እግሮች) ማስፋፊያ ቺፕ አሉ። የሞደሙ የኃይል ማብሪያ የተያያዘው ከማስፋፊያው 3ኛ እግር ጋር ነው። ማብሪያውን የሚያዘው ከቦርዱ ጋር የመጣ ትንሽ ድራይቨር ነው፤ ሞደም_ፓወር እንበለው። እግሩን የሚያጠፋው በሰስፔንድ_ኖአይአርኪው (የማስተኛቱ መጨረሻ ደረጃ)፣ የሚያበራው በሪዙም_ኖአይአርኪው (የማንቃቱ መጀመሪያ) ኮልባኩ፣ ማለትም ከርነሉ በየደረጃው በሚጠራው ተግባር ነው። ዲቫይስ ትሪው (ቦርዱ ላይ ያለውን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚዘረዝረው ፋይል) ላይ እግሩ የተጻፈው «ሞደም-ፒደብሊውአር» በሚል፣ ድራይቨሩ ራሱ ብቻ በሚያውቀው ስም ነው። እግሩንም ፕሮብ ላይ (ድራይቨሩ ከዲቫይሱ ጋር ሲገናኝ) ሳይሆን መጀመሪያ ሲፈልገው ነው የሚይዘው።

ሎጉ ይኸውና፦

አይ2ሲ-1፦ ትራንስፈር ኋይል ሰስፔንድድ
ሞደም_ፓወር፦ ሰስፔንድ_ኖአይአርኪው ሪተርንድ -108
ፒኤም፦ ኖአይአርኪው ሰስፔንድ ኦፍ ዲቫይስስ ፌልድ

/ሲስ/ፓወር/ፒኤም_ቴስት (እንቅልፉን እስከ ተመረጠ ደረጃ ብቻ የሚሞክር) ላይ «ዲቫይስስ» ጽፌ 50 ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ 50ውም አለፈ። ፒኤም_ኤሲንክን (ዲቫይሶችን በትይዩ የሚያስተኛውን ማብሪያ) 0 ባደርገውም -108ቱ (የተዘጋ ነገር ተጠቀምክ የሚለው ስህተት) አይለወጥም። ከዚህ ሌላ ከአሥር አንዴ ያህል እዚያ ደረጃ ሳይደርስ በ-16 ይመለሳል።

ጥያቄዬ፦ ማን ቀድሞ መተኛት እንዳለበት ከርነሉ የሚያውቀው በምንድን ነው? ኮልባኩ ውስጥ 200 ሚሊሴኮንድ መጠበቂያ ጨምርበት ያለኝ ሰው አለ፤ እሱን ግን አልፈልግም።


ቁንዲ፦

መጠበቂያው ምንም አይፈይድም። ቀድሞ የተኛ መስመር ስለጠበቅከው አይነቃልህም።

«ዲቫይስስ» ፈተና ማለፉ አይግረምህ። በእሱ ከርነሉ የሚያስኬደው ፕሪፔርንና ሰስፔንድን ብቻ ነው፤ 5 ሴኮንድ ቆሞ ይመለሳል። ሰስፔንድ_ሌትና ሰስፔንድ_ኖአይአርኪው የሚነኩት ከ«ፕላትፎርም» ጀምሮ ነው። ስለዚህ ድራይቨርህ ሞደሙን የሚያጠፋበት ቦታ በ50ው ሙከራ አንዴም አልተነካም። ተራው ፍሪዘር (ፕሮሰሶችን የሚያቆመው)፣ ዲቫይስስ፣ ፕላትፎርም፣ ፕሮሰሰርስ፣ ኮር ነው። /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ ውስጥ የምታየው ኤስ2አይድል የሚባለው ቀላል እንቅልፍ ብቻ ከሆነ (ፋየርምዌሩ የአርም የኃይል ማዘዣ የሆነውን የፒኤስሲአይን ሲስተም_ሰስፔንድ ካልደገፈ እንደዚያ ነው የሚሆነው) ፕሮሰሰርስና ኮር ጋ አትደርስም። በኤስ2አይድል ፕሮሰሰሮቹ ስለማይጠፉ ከርነሉ እነዚህን ሁለት ፈተናዎች አይቀበልም፤ ሌላ ምረጥ ብሎ በ-11 ይመልስሃል።

ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት ቡት መስመሩ ላይ ኖ_ኮንሶል_ሰስፔንድ ጨምር፤ ፒኤም_ፕሪንት_ታይምስና ፒኤም_ዲበግ_ሜሴጅስ ላይ 1 ጻፍ። የትኛው ዲቫይስ የትኛውን ተከትሎ እንደተኛ፣ ወላጁ ማን እንደሆነ፣ ስንት ማይክሮሴኮንድ እንደፈጀ አንድ በአንድ ይወጣልሃል።


ሰላድንጋይ፦

«ማን ቀድሞ» ለሚለው ልመልስ።

ከርነሉ ዲቫይሶቹን ሁሉ ዲፒኤም_ሊስት በሚባል አንድ ሰልፍ ይይዛቸዋል። ሰልፉ የምዝገባ ተራ ነው፤ ወላጁ ሳይመዘገብ ልጁ ስለማይመዘገብ ወላጅ ሁልጊዜ ከልጁ ፊት ነው። ሲያስተኛ ከጭራው ወደ ራሱ፣ ሲያነቃ ከራሱ ወደ ጭራው ይሄዳል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፦ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናት እሳቱን አዳፍና ጋደም ትላለች፣ ጠዋት ደግሞ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት።

ግን ይህ ዛፍ የሚናገረው ማን ማን ላይ እንደተሰካ ነው። ማን የማንን እጅ እንደሚፈልግ አይናገርም። ማስፋፊያው የአይ2ሲ-1 ልጅ ስለሆነ በእነሱ መካከል ጠብ የለም። ሞደም_ፓወር ግን ራሱን የቻለ የፕላትፎርም ዲቫይስ ነው፤ ዲቫይስ ትሪው ገና ሲነበብ ተመዝግቧል። የአይ2ሲ መቆጣጠሪያው ትሪው ላይ ከእሱ በታች ከተጻፈ ከኋላው ይሰለፋል፤ ማስፋፊያው ደግሞ የመቆጣጠሪያው ድራይቨር ከተነሳ በኋላ ይመጣና ከሁሉም ኋላ ይቆማል። ከጭራ ሲጀመር እንግዲህ ማስፋፊያው፣ መቆጣጠሪያው፣ ሞደም_ፓወር በሚል ተራ ይተኛሉ። መቆጣጠሪያው ኖአይአርኪው ላይ «ተኝቻለሁ» ብሎ ምልክት ካደረገ በኋላ ያንተ ድራይቨር ላክልኝ ሲለው የአይ2ሲ ኮር -108 ይመልሳል። ፒኤም_ኤሲንክ 0 ሆኖም ያው መሆኑ ይህንኑ ያሳያል፦ ሰልፉ ራሱ ነው የተገለበጠው። 0 ስታደርገው ቢጠፋ ኖሮ በትይዩ በሚተኙ ሁለት ዲቫይሶች መካከል ያልተነገረ ጥገኝነት አለ ማለት ነበር።

ብዙ ቦርድ ላይ ይህ በአጋጣሚ ይስተካከላል። ድራይቨሩ ፕሮብ ላይ እግሩን ሲጠይቅ ማስፋፊያው ካልተነሳ -517 (ቆይተህ ሞክር) ያገኛል፤ ፕሮቡ ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል፤ እንደገና ሲሞከር ከርነሉ ዲቫይሱን ወደ ሰልፉ ጭራ ይወስደዋል። ያንተው እግሩን ፕሮብ ላይ ስለማይጠይቅ ይህ ዕድል አለፈው።

መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው።

አንደኛ፣ የንብረቱን ስም ወደ መደበኛው ቀይረው፦ መጨረሻው «-ጂፒአይኦስ» የሚል ይሁን። ኤፍደብሊው_ዴቭሊንክ የሚባለው የከርነሉ ክፍል ዲቫይስ ትሪውን እያነበበ ሊንክ (ማን ማንን እንደሚፈልግ የሚናገር ማሰሪያ) የሚፈጥረው የሚያውቃቸውን ስሞች ሲያገኝ ነው፤ «ሞደም-ፒደብሊውአር» ለእሱ ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። እግሩንም ፕሮብ ላይ በዴቭኤም_ጂፒአይኦዲ_ጌት ያዘው።

ሁለተኛ፣ ማብሪያውን ባለ ጂፒአይኦ ቋሚ ሪጉሌተር (ኃይል ሰጪ) አድርገህ ሞደሙ በ«-ሰፕላይ» ይጠይቀው። ሪጉሌተር ኮሩ ጠያቂውን ከሪጉሌተሩ ጋር ራሱ ሊንክ ያደርገዋል። ንጹሕ ነው፣ ግን ድራይቨሩን በደንብ መከለስ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ትሪውን መንካት ካልቻልክ ፕሮብ ውስጥ በእጅህ አድርገው። በኦፍ_ፋይንድ_አይ2ሲ_ዲቫይስ_ባይ_ኖድ ማስፋፊያውን ፈልግ፤ ባዶ ከመለሰ -517 መልስ። ካገኘኸው ዲቫይስ_ሊንክ_አድን ጥራ፦ መጀመሪያ ተጠቃሚው (ሞደም_ፓወር)፣ ቀጥሎ ሰጪው (ማስፋፊያው)፣ ከዚያ ዲኤል_ፍላግ_ኦቶሪሙቭ_ኮንሲውመር። ሁለቱን ማገላበጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከርነሉ አይከለክልህም፣ ሰልፉን ብቻ ገልብጦ ይሰጥሃል። የመለሰው ባዶ ከሆነ ወይ ሰጪው ገና አልተመዘገበም ወይ ሊንኩ ክብ ይሠራል። በፍለጋው የያዝከውን ማጣቀሻ በፑት_ዲቫይስ መልቀቅም አትርሳ።

በየትኛውም መንገድ ሊንኩ ሲፈጠር ከርነሉ ተጠቃሚውን፣ ልጆቹንና የእሱን ተጠቃሚዎች ሁሉ ወደ ሰልፉ ጭራ ይወስዳቸዋል፤ በትይዩ ሲያስተኛም ሰጪው ተጠቃሚው እስኪጨርስ ይጠብቃል። ለማረጋገጥ /ሲስ/ክላስ/ዴቭሊንክ ውስጥ የሁለቱን ስም አብሮ የያዘ ማውጫ ፈልግ፤ ስታተስ የሚለው ፋይል «አክቲቭ» ማለት አለበት። ሞደም_ፓወር ጭራሽ ሳይነሳ ቢቀር ዲበግኤፍኤስ (የከርነሉ የስህተት ፍለጋ ማውጫ) ውስጥ ዲቫይስስ_ዲፈርድን ክፈት፤ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ይነግርሃል።


ጓሳ_15፦

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። «ፓወር-ጂፒአይኦስ» አልኩት፣ እግሩንም ፕሮብ ላይ አደረግኩት። ዴቭሊንክ ውስጥ አለ፣ «አክቲቭ» ይላል። ተራውም አሁን ሞደም_ፓወር፣ ማስፋፊያው፣ አይ2ሲ ሆኗል።

ግን -108 ሄዶ -110 (ጊዜው አለቀ) መጣ! «ፕላትፎርም» ፈተና ላይ ሞደም_ፓወር ጋ ሲደርስ ልክ አንድ ሴኮንድ ይቆማል፣ ከዚያ ይወድቃል። መስመሩ አልተኛም፤ ታዲያ ለምን አይመልስም?


ሞፈርውሃ፦

ደግ ነው፤ -110 ማየትህ ሰልፉ መስተካከሉን ይመሰክራል። የቀረው ደረጃው ነው።

ኖአይአርኪው የሚባለው ስሙ እንደሚለው ነው። ከርነሉ ወደዚያ ደረጃ ሲገባ ሰስፔንድ_ዲቫይስ_አይአርኪውስ የሚባለውን ጠርቶ የዲቫይሶቹን ኢንተራፕት (ለፕሮሰሰሩ የሚልኩትን የጥሪ ምልክት) ይዘጋል፤ የሚተርፉት ለማንቂያ የታጠቁትና አይአርኪውኤፍ_ኖ_ሰስፔንድ የተባሉት ብቻ ናቸው። የአይ2ሲ መቆጣጠሪያው ደግሞ «ልኬ ጨረስኩ» የሚለው በኢንተራፕት ነው። ትዕዛዙ በሽቦው ላይ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ ማስፋፊያውም ተቀብሎ ይሆናል፤ ግን የምሥራቹን የሚያደርስ ስለሌለ ድራይቨሩ ጊዜው እስኪያልቅ ይጠብቃል። የመቆጣጠሪያው ድራይቨር ሌላ ካልመረጠ በቀር የአይ2ሲ ኮር የሚሰጠው ጊዜ አንድ ሴኮንድ ነው። ያቺ የቆምክባት ሴኮንድ እሷ ናት። መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ይሉሃል ይኸው ነው።

ይህን ድራይቨር የጻፈው ሰው «የመጨረሻው ደረጃ ላይ ካጠፋሁት አይሳሳትም» ብሎ ይመስለኛል። ብዙ ቦርድ ላይ የማየው አስተሳሰብ ነው፣ የተገላቢጦሽም ነው። ኖአይአርኪው ውስጥ መቅረት ያለበት ሬጅስተር ላይ በቀጥታ ጽፎ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ክሎክ መዝጋት፣ የፒን ሁኔታ መለወጥ፣ የአውቶቡስ መቆጣጠሪያ ማስተኛት። በአይ2ሲ፣ በኤስፒአይ ወይም በዩኤስቢ በኩል የሚሄድ ማንኛውም ነገር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

እንግዲህ ሞደም_ፓወርን እንዲህ አድርገው፦ ማጥፊያውን ወደ ሰስፔንድ፣ ማብሪያውን ወደ ሪዙም አውርድ። ሰስፔንድ_ሌትም ይሠራል፤ ኢንተራፕቶች ገና ክፍት ናቸው፣ መቆጣጠሪያውም የሚተኛው ኖአይአርኪው ላይ ስለሆነ። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ሰስፔንድ ይበቃል። የዩኤስቢ ሞደሙ ራሱ የሚመዘገበው ኃይል አግኝቶ ሲታይ ነው፣ ስለዚህ ሰልፉ ላይ ከሞደም_ፓወር ኋላ ነው፤ ቀድሞ ይተኛል፣ ኃይሉ ኋላ ይቆረጣል።

ሪዙም ላይ ካበራህ በኋላ ሞደሙ ተነስቶ ዩኤስቢ ላይ እስኪታይ ኮልባኩ ውስጥ እንዳትጠብቅ። አንተ ስትቆም ከኋላህ በተራ የተሰለፉት ሁሉ ይቆማሉ፣ ባትሪውም በከንቱ ይሄዳል። እግሩን ከፍ አድርገህ 0 መልስ፤ ሞደሙ ሲመጣ እንደ አዲስ ይታያል። ለዚያ ዲቫይስ ፓወር ማውጫው ውስጥ ፐርዚስትን 0 አድርገው፤ ካላደረግኸው ወደቡ የድሮውን ሞደም እየጠበቀ መንቂያውን ያጓትተዋል።

ቀጥለህ የምትገባበትን ጉድጓድ አሁኑኑ ልንገርህ፤ ሁለቱ ሴንሰሮችህ ናቸው። አንዳቸው የማንቂያ መስመር ካለውና ድራይቨሩ ክር ባለው ኢንተራፕት አይ2ሲ የሚያነብ ከሆነ፣ ኢንተራፕቱ ሰስፔንድ ካለፈ በኋላ ኖአይአርኪው ሳይደርስ ሊመጣ ይችላል። ሲነቃም ያው፦ ኢንተራፕቶች የሚከፈቱት ሪዙም_ኖአይአርኪው እንዳለቀ ነው፣ የሴንሰሩ የራሱ ሪዙም ገና ነው። ድራይቨሩ ሰስፔንዱ ላይ ዲሴብል_አይአርኪው፣ ሪዙሙ ላይ ኢኔብል_አይአርኪው ይጥራ። ሴንሰሩ ማንቃት እንዲችል ከፈለግህ ኢኔብል_አይአርኪው_ዌክ የተለየ ነገር ነው፣ ዲቫይስ_ሜይ_ዌክአፕን ጠይቀህ ነው የምትጠራው።

በየ10 ሴኮንዱ የሚያነብ ዎርክ (ከርነሉ ቀጥሮ የሚያሠራው ሥራ) ካለውም ካንስል_ዲሌይድ_ዎርክ_ሲንክ ሰስፔንድ ላይ፤ ወይም ሥራውን ሲስተም_ፍሪዘብል_ደብሊውኪው ላይ አድርገው። የከርነል ክሮች ራሳቸው ካልፈቀዱ በፍሪዘሩ አይቆሙም፤ ብዙ ሰው የሚቆሙ ይመስለዋል።

ራንታይም ፒኤም (ሲስተሙ ነቅቶ ሳለ ሥራ የፈታን ዲቫይስ ለብቻው የሚያስተኛ) ካለው ደግሞ ሁለት ነገር ያዝ። ሰስፔንድ_ሌት ከመጠራቱ በፊት ከርነሉ ራንታይም ፒኤምን ይዘጋዋል፤ እዚያ ገብተህ የተኛ ዲቫይስ በፒኤም_ራንታይም_ጌት_ሲንክ ልታነቃ ብትል -13 (አልተፈቀደም) ነው የምታገኘው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ በራሱ ጊዜ የተኛ ዲቫይስ ክሎኩ ተዘግቶ ሳለ ሰስፔንድ ኮልባኩ ሬጅስተሩን ከነካ አርም ላይ ቦርዱ ያለ አንድ ቃል ሎግ ሊደርቅ ይችላል። የራንታይም ኮልባኩ የሚያደርገውና የሲስተሙ እንቅልፍ የሚፈልገው አንድ ከሆነ ሁለት ኮድ አትጻፍ፤ ፒኤም_ራንታይም_ፎርስ_ሰስፔንድንና ፒኤም_ራንታይም_ፎርስ_ሪዙምን ኮልባክ አድርገህ ስጠው። ቀድሞ የተኛውን አይነካውም፣ ያልተኛውን ያስተኛዋል።


የአርማንያ_ልጅ፦

ይቅርታ ጋሼ፣ ለአይ2ሲ መቆጣጠሪያው ኢንተራፕት አይአርኪውኤፍ_ኖ_ሰስፔንድ መስጠት አይቀልም? አንድ ቃል ነው። ድራይቨሩም ኖአይአርኪው ላይ እንደነበረ ይሠራል።


ሞፈርውሃ፦

ይሠራል፤ የኃይል መቆጣጠሪያ ቺፑ አይ2ሲ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው መነጋገር ግድ የሚልባቸው ማሽኖች አሉ፣ ለእነሱ የተደረገ ነው። እዚህ ግን ለአንድ ማብሪያ ሲባል መቆጣጠሪያውን በሙሉ ማስመሸት ነው። የኢንተራፕት መስመሩ ከሌላ ዲቫይስ ጋር የጋራ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ሳይዘጋ ይቀርና የዚያኛው ሃንድለርም ይጠራል፤ ዲቫይሱ ግን ተኝቷል፣ ሬጅስተሩን ሲያነብ ጉድ ይፈላል። ባንዲራው ማሽኑን ለማንቃትም ዋስትና አይሆንም፤ ያ የኢኔብል_አይአርኪው_ዌክ ሥራ ነው። ስህተቱ ያለው ሞደም_ፓወር ውስጥ ሆኖ ሳለ አይ2ሲውን ማረም አይገባም።


ሰላድንጋይ፦

የ-16ን ነገር ሁሉም ዘለለው። -16 «ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ነው፣ ግን የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው፤ መጀመሪያ ከየት እንደሆነ ለይ።

ከመውደቁ በፊት 20 ሴኮንድ ያህል ከቆየ ፍሪዘሩ ነው። ሊቆም ያልቻለ ፕሮሰስ አለ፤ ስሙ ሎጉ ላይ ይወጣል። ዲቫይሶቹ ጋ እንኳ አልደረስክም።

ቶሎ ከወደቀ /ሲስ/ፓወር/ሰስፔንድ_ስታትስ ውስጥ ላስት_ፌልድ_ዴቭና ላስት_ፌልድ_ስቴፕን አንብብ። ዲቫይሱ አላርምታይመር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከ2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የሚደወል አላርም ካለ አላርምታይመር ሰስፔንዱን በ-16 ይመልሰዋል፣ ለ2 ሴኮንድም እንቅልፍ ይከለክላል። ይህን አላርም የሚሞላው በክሎክ_ቡትታይም_አላርም ታይመር የከፈተ ፕሮግራም ነው። ሲስተምዲ ታይመር ላይ ዌክሲስተም ካልከውም ያው ነው።

የተለየ ዲቫይስ ካልተጠቀሰና ሎጉ «ኧርሊ ዌክ ኢቨንት ዲቴክትድ» የሚል ከሆነ፣ በመተኛት ላይ ሳለ የማንቂያ ምልክት መጥቷል ማለት ነው። /ሲስ/ፓወር/ፒኤም_ዌክአፕ_አይአርኪው የኢንተራፕቱን ቁጥር ይሰጥሃል፤ /ፕሮክ/ኢንተራፕትስ ላይ ባለቤቱን ታገኛለህ። ዲበግኤፍኤስ ውስጥ ዌክአፕ_ሶርስስን ከሙከራው በፊትና በኋላ አስቀምጠህ አወዳድር፤ አክቲቭ_ካውንቱ የጨመረው ተጠርጣሪው ነው። ሞደሙ ከሆነ ፓወር/ዌክአፕ ላይ «ዲሴብልድ» ጻፍበት፤ ኃይሉን ልትቆርጠው እየሄድክ ማንቂያ ማድረግ ምን ያደርጋል።

እስክሪፕትህ በቀጥታ ስቴት ላይ «ሜም» የሚጽፍ ከሆነ ዌክአፕ_ካውንትን አስገባበት፦ ቁጥሩን አንብብ፣ ሥራህ ማለቁን አረጋግጥ፣ ያንኑ ቁጥር መልሰህ ጻፍ፣ ጽሑፉ ከተቀበለ ብቻ «ሜም» ጻፍ። አልቀበልም ካለ በመካከል ምልክት መጥቷል፤ እንደገና ጀምር። ያለዚያ ምልክቱ በንባቡና በእንቅልፉ መካከል ሲገባ ጠፍቶ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገር፦ በአርቲሲዌክ (ቦርዱን አስተኝቶ በሰዓት ቺፑ በሚያነቃው ትዕዛዝ) «-ኤስ 900» እያልክ ከሆነ 900 የሚቆጠረው ከምትተኛበት ቅጽበት ነው። 45 ሴኮንድህ እየተደመረበት ዙሩ 15 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይሆናል፤ በቀን ከአራት በላይ ንባብ ታጣለህ። «-ቲ» ተጠቅመህ ቁርጡን ሰዓት ስጠው።


ጓሳ_15፦

ማጥፊያው ወደ ሰስፔንድ ወረደ። «ፕላትፎርም» ላይ 200 ዙር፣ ከዚያ በአርቲሲዌክ 30 ሴኮንድ እያስተኛሁ 200 ዙር፤ አንድም -108፣ አንድም -110 የለም። ጋሼ እንዳሉት ሴንሰሩ በ37ኛው ዙር ሲነቃ አይ2ሲ ላይ ጮኸ፤ ዲሴብል_አይአርኪው ካስገባሁ ወዲህ ዝም ብሏል።

-16 አላርምታይመር ሆኖ ተገኘ። መረጃ ላኪው ፕሮግራም ሳይሳካለት ሲቀር በ1 ሴኮንድ ልሞክር ብሎ የሚከፍተው ታይመር ክሎክ_ቡትታይም_አላርም ነበር። ወደ ክሎክ_ቡትታይም ቀየርኩት። -ኤስ 900ውም ነበረ፣ ተስተካክሏል።


ቁንዲ፦

ሣጥኑን ከመዝጋትህ በፊት ሁለት ነገር።

ኮንፊግ ውስጥ ዲፒኤም_ዋችዶግን አብራ። አንድ ዲቫይስ ሲተኛ ወይም ሲነቃ ከ120 ሴኮንድ በላይ ከተጣበቀ ከርነሉ የት እንደቆመ አትሞ ፓኒክ ያደርጋል። ቡት መስመሩ ላይ ፓኒክ=10 ካለህ ራሱን ያስነሳል፤ ፒስቶርን ካዘጋጀህ የመጨረሻው ሎግ ከዳግም ማስነሻው ተርፎ ይጠብቅሃል። ጓሳ ላይ ቁልፍ የሚጫንልህ ጭላዳ ነው።

የሃርድዌር ዋችዶጉንም (ቦርዱ ሲጣበቅ ሪሴት የሚያደርገውን ቆጣሪ) እይ። አንዳንዱ ቺፕ ላይ ፕሮሰሰሩ ቢተኛም ዋችዶጉ መቁጠሩን አይተውም፤ ድራይቨሩ ሰስፔንድ ላይ ካላቆመው 15 ደቂቃ የተኛ ቦርድ በእንቅልፍ ፋንታ ሪሴት ይሆናል። ይህን በ30 ሴኮንድ ሙከራ አታገኘውም፤ አንድ ሌሊት በሙሉ 900 ሴኮንድ አስተኝተህ ሎጉ ላይ አዲስ ቡት እንዳለ ቁጠር። ደብረ ብርሃን ላይ ከቤት ውጭ ብታሳድረው ብርዱንም አብረህ ትሞክረዋለህ፤ ባትሪህ ሊቲየም ከሆነ ከ0 ዲግሪ በታች ኃይል መሙላት የለበትም፣ ቻርጀሩ ያንን እንደሚያቋርጥ እዚያው ለካ።